በቀበሮዋ ጉድጓድ ዙሪያ የተቋጠረው ሳር

በአንድ ወቅት፣ ጉም ከሰው ጋር ውሎ ከሰው ጋር በሚገባበት ደጋ ላይ፣ አምስት ዓመት ማጭድ ያልነካው የጓሳ፣ የቤት ክዳን ሳር፣ ሜዳ ነበር። ሜዳው ሲዘጋ ከብት አይገባበትም። ሳሩ ሥር አይጥ ይራባል፤ ቀይ ቀበሮም በአይጡ ይኖራል። ድሮ ቀበሮው ብዙ ነበር ይላሉ። አሁን በዚያ ሜዳ የምትወልደው አንዲት ብቻ ቀርታለች።

አምስት ዓመቱ ሲሞላ ሜዳው ለአንድ ቀን ይከፈታል። ያን ቀን ሁሉም ዕጣ በደረሰው ቦታ ያጭዳል፣ ቤቱን ይከድናል።

ይመኙሻል የምትባል ልጅ እግር እናት ነበረች። ባሏ ለሥራ ቆላ ወርዷል። የቤቷ ክዳን ተበሳስቶ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሕፃኗን ታቅፋ ከጥግ ጥግ ትዞራለች። ልጅቷ ታስላለች። ስታስል እናትየው ትንፋሿን ትቆጥራለች፤ ዝም ስትልም ትቆጥራለች።

በመክፈቻው ቀን ልጇን አዝላ ዕጣዋ ላይ ደረሰች። ጉሙ ገለጥ ሲል ሳሩ መሀል ፍም የመሰለ ነገር ቆሟል። ቀበሮዋ ናት። እግሯ ሥር አራት ቡችሎች ይንከባለላሉ። ተያዩ። ቀበሮዋ አልሸሸችም። ልጅቷም ሳታስል ከእናቷ ጀርባ አየች። ይመኙሻል ሜዳው ራሱ የሚተነፍስ መሰላት።

«ይሄ ከታጨደ የት ትደብቃቸዋለች?» አለች።

ማጭዷን አስቀመጠች። የቀበሮዋን ጉድጓድ እየዞረች የዕጣዋን ሳር ሁሉ ጫፍ ጫፉን ቋጠረች። በዚያ አገር ሳር መቋጠር «የኔ ነው፣ እንዳትነኩት» ማለት ነው። ሌላ የምታውቀው ምልክት የላትም። አንድ ነዶ ሳታጭድ ቀኑ አለቀ።

ያንኑ ጠዋት በዚያው መንደር በግ የሚያረባው የካሳዬ ውሻ አበደ። ነብሮ ይባላል፤ ሰባት ዓመት በጎቹን የጠበቀለት ነው። አረፋ እየደፈቀ ወደ ሜዳው ሲሮጥ ካሳዬ ተከተለው። ያበደ ውሻ አንዷን ቀበሮ ከነከሰ ዘሯ እንደሚያልቅ ያውቃል። ወንዙ ዳር ደረሰበትና በገዛ ዱላው ገደለው። ሲቀብረው፣ ሲያለቅስ ዋለ። እሱም አላጨደም፤ ዕጣውን ሌሎች አጭደው ወሰዱት።

አያ ዘገየ ደግሞ የሜዳው ጠባቂ ናቸው። አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ ብርድ ከብት ሲያስወጡ ኖሩ፤ ከገዛ ወንድማቸው ጋር እንኳ ተኳርፈዋል። ጠባቂ ዕጣ አይወጣለትም። በደንቡ የሚወስደው ከማጭድ የተረፈውን ነው። በዚያ ዓመት የተረፈው የተቋጠረው ብቻ ነበር።

ቡችሎቹ አድገው ከእናታቸው ጋር ጉድጓዱን ለቀቁ። ሳሩ ለአንድ ቤት ይበቃል፣ ለሁለት አይበቃም። ክረምት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሦስቱም ማጭድ ይዘው እዚያ ተገናኙ።

«አያ፣ የቋጠርኩት እኔ ነኝ» አለች ይመኙሻል።

«ለማን ነው የቋጠርሽው፣ ልጄ?»

«ለሷ።»

«እንግዲያስ ያንቺ አይደላ!»

ካሳዬ ሳቀ። «እኔ ነብሮን ባልገድለው ለማን ትቋጥሪ ነበር? ለአይጥ?»

«አንተስ ውሻህን መቼ አሰርከውና?» አሉት አያ ዘገየ። «በየሜዳው ሲዞር ነው ያበደብህ።»

«በጎቼን እርስዎ ሊጠብቁልኝ ኖሯል?»

ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ አሳለች። ይመኙሻል ትንፋሿን ቆጠረች።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን አዩ። አፉ ላይ አዲስ አፈር ተዝቋል፤ አፈሩ ላይ የቀበሮ ዱካ አለ።

«ተመልሳለች» አሉ ቀስ ብለው።

ከሰሜን በኩል ሰማዩ አጉረመረመ። ጉሙ መጥቶ ሳሩንም ሦስቱንም ሸፈናቸው። ይመኙሻል በጭፍኑ እጇን ስትዘረጋ ጣቷ ቋጠሮው ላይ አረፈ። አልተፈታም፤ እንደቋጠረችው ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ሳሩ ለማን ይገባል? አምስት ዓመት በብርድ ለጠበቁት? የሚወደውን በእጁ ለገደለው? ልጇ እያሳለች ማጭዷን ላስቀመጠችው? ወይስ ለተቋጠረላት? ያንን ቋጠሮ ማን ይፍታው?