የቁራ ወዲህ

ተረት ተረት፤ ላዳማጭ ይሁን ጥሪት።

ዓይኑ የጠፋ፣ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን አንድ ሽማግሌ አህያ ነበር። አንድ ቀን የሚግጥበት ሜዳ በእሳት ተያያዘ። ቸኳዩ ቁራ ከሜዳው ዳር ያለውን ገደል በርሮ ተሻገረና ከማዶ ሆኖ፣ «አያ አህያ፣ እዚህ እሳት የለም፤ ወዲህ ና» ብሎ ተጣራ። አህያው ድምፁን ተከትሎ ገደሉ አፋፍ ሲደርስ፣ ዝግተኛዋ ኤሊ «አያ አህያ፣ ወዴት ነው?» አለችው።

«ቁራ ወዲህ ና ብሎኝ ነው።»

«ለእሱ ወዲህ ነው፤ ለአንተ ግን መሀሉ ገደል ነው። ኩሬው እዚሁ ጎናችን ነው፤ ድንጋዩ ላይ ስንፏቀቅ እየሰማህ ተከተለኝ።»

ውሃው ውስጥ ሲገቡ የአህያው ጅራት ጫፉ ተለብልቦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አህያ ሲጠሩት ጆሮውን ይቀስራል እንጂ ቶሎ አይነቃነቅም።