ክር ያላሰረቻቸው ሽማግሌ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ የጠጅ ጋን ውስጥ፣ እመት እርሾ የምትባል ለዓይን የማትታይ፣ ማር ግን የማትጠግብ ሴት ነበረች። ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት፤ ሆዷ ሙሉ ቤት ነው። በሩ ላይ እመት ቅምሻ ተቀምጣ የማሩን ውሃ ትቀምሳለች። ውስጥ አያ ምርጊት ግድግዳ ይመርጋል። ጥግ ላይ ደግሞ አባ ዝም የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ሥራቸውን የሚያውቅ የለም። ያን ሰሞን እመት እርሾ ከጎኗ የመጀመሪያ ልጇን አቆጥቁጣ ነበርና፣ አያ ምርጊት የልጅቷን ክፍል ይሠራ ነበር።

በዚያው ቤት ክር የምትባል ቀጭን ፈትል ትኖር ነበር። ክር ነገር ካላወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም። «ማን ለማን እንደሚናገር፣ ማን ማንን እንደሚሰማ ልወቅ። የሚደማመጡትን በራሴ አስሬ ላገናኝ፤ መንገዱ ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል» አለች። ዘዴዋ አንዱን ዝም አሰኝቶ፣ ማን ሥራ እንደሚፈታ ማየት ነበር።

መጀመሪያ ወደ በሩ ሄደች። «እመት ቅምሻ፣ እስኪ ዝም በይ።» ዝም አለች። አያ ምርጊት እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። «ማር አለ ካልተባልኩ ለምን እለፋለሁ?» አለ። ክር ከቅምሻ እስከ ምርጊት ታሰረች።

ቀጥላ «አያ ምርጊት፣ አንተም እረፍ» አለችው። አረፈ። እመት እርሾ «ልጄ ማደጓን ተወች» ብላ ደነገጠች። ክር ከምርጊት እስከ ልጅቷ ክፍል ታሰረች።

ሁለቱን ወደ ሥራቸው መልሳ፣ ሦስተኛ ወደ ሽማግሌው ሄደች። «አባ፣ እርስዎም ዝም ይበሉ።»

«እኔማ ዝም ብያለሁ፣ ልጄ።»

ክር ጠበቀች። ቅምሻ ትቀምሳለች፣ ምርጊት ይመርጋል፣ ልጅቷ ታድጋለች። ምንም አልተለወጠም።

«እንግዲያ እርስዎን የሚሰማ የለም ማለት ነው።»

«የኔ ቀን ገና አልመጣም» አሉ።

ክር ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። እሷ ያላሰረችው ሁሉ የሌለ ይመስላት ነበር። «ጥጉ ባዶ ነው፣ ግድግዳህን በዚያ አሳልፈው» አለችው ምርጊትን። እሱም በሽማግሌው ፊት ግድግዳ አቆመ።

ከዚያ ወዲያ የጋኑ ባለቤት ጋኑን ከጥላ አውጥታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። የማሩ ውሃ ጋለ። እመት ቅምሻ «ማር አለ» አለች፤ አልዋሸችም፣ ማር አለ። ምርጊትም መረገ። እርጥቡ ግድግዳ በሙቀቱ ይሰነጠቃል፤ እሱ ይጨምራል፤ የተጨመረውም ይሰነጠቃል። ያኔ ክር ከግድግዳው ጀርባ የታፈነ ድምፅ ሰማች።

«ሙቀት ነው። ግንባታው ይቁም። ያለውን ደግፉ።» አባ ዝም ነበሩ፤ ስንት ጊዜ እንደጮኹ እንጃ።

ክር ያን ጊዜ ገባት። የሰውዬው ሥራ ለክፉ ቀን ነበር፤ እሷ የፈተነቻቸው በደህና ቀን ነው። ግድግዳውን ቧጠጠች፤ ክር ግን ግድግዳ አይንድም። ወደ ምርጊት ስትሮጥ የልጅቷ ክፍል ከነልጅቷ ተናደ።

ጋኑ ወደ ጥላው ሲመለስ ክር ከእመት እርሾ እግር ላይ ወደቀች። «ልጅሽን ያጠፋኋት እኔ ነኝ» አለች።

እመት እርሾም «ሽማግሌውን አውጡልኝ» አለች።

ግድግዳው ፈረሰ። አባ ዝም በሕይወት አሉ፤ ድምፃቸው ግን ከጩኸት ብዛት ጠፍቷል። ክር ከእጃቸው እስከ ምርጊት ክንድ ታሰረች፤ መናገር ቢያቅታቸው እንኳ እንዲስቧት። ከዚያ በኋላ ስንትና ስንት ሙቀት መጣ፤ ሽማግሌው ሳቡ፣ ምርጊት ቆመ፣ ቤቱ ዳነ። ክር ግን የምርጊት ክንድ በቆመ ቁጥር ያችን የመጀመሪያዋን ልጅ እያሰበች ታለቅስ ነበር።

የክፉ ቀን ነጋሪን በደህና ቀን አትመዝኑት። እኔ የሰማሁትን አወረስኳችሁ፤ እናንተም ለሚሰማ አውርሱ።