ጅብ ያልፈታው ገመድ

አንድ ጊዜ፣ ዛሬ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጠው ነገር ሁሉ ገና መሬት ተቆፍሮ በሚቀመጥበት ዘመን፣ የዱር እንስሳት አንድ ትልቅ ሜዳ ነበራቸው። እህላቸውን እዚያ ይቀብራሉ። ጉድጓዱ አፈር ስለሚለብስ ሌባ አያየውም። ባለቤቱም አያየውም። ስለዚህ ሥርዓት አበጁ።

ጠባቂው የመጣውን እንስሳ እግር ያያል። ሰኮናው ድፍን ከሆነ ወደ አንደኛው ካስማ፣ ስንጥቅ ከሆነ ወደ ሁለተኛው፣ ጥፍራም ከሆነ ወደ ሦስተኛው ይልከዋል። ሜዳውን ሁሉ ማሰስ የለም። ከካስማው ገመድ ይነሣል፤ በሣሩ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ጉድጓድ ይገባል። እግራቸው የሚመሳሰል ሲበዙ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ገመድ ይቀጠላል። ከድፍን ሰኮናዎቹ መጀመሪያ የፈረስ ጉድጓድ ነበር፣ ቀጥሎ የሜዳ አህያ፣ ከዚያ የአህያ። አህያ ማሽላዋን ስትፈልግ ገመዱን ይዛ በሁለቱ በኩል አልፋ የራሷ ዘንድ ትደርሳለች። የሰው ጉድጓድ መበርበር ግን ሌብነት ነው። ቅጣቱም ከአገር መባረር።

አንዱ ጉድጓዱን ሲለቅ የጠባቂው ሥራ ቀላል ነው። ወደዚያ የሚገባውን ገመድ ፈትቶ ከሚቀጥለው ጉድጓድ ጋር ያስራል። ከዚያ ባዶውን ለሌላ ይሰጣል።

ጠባቂው ጅብ ነበር። አንበሳ ሥራውን የሰጠው መንጋጋውን አይቶ ነው። ሌላ ነገሩን አላየም።

የሜዳ አህያ ወደ ቆላ ስትወርድ ጉድጓዷን ለቀቀች። ጅብ ገመዱን ሊፈታ ሄደ። አንገቱን ቢያስገባ ጉድጓዱ ዙሪያውን በቆዳ ተለብጧል። ምራቁ መጣ። ሆኖም ጠግቦ ስለነበር፣ ሌላ ቀን ተመልሼ እበላዋለሁ ብሎ ወሰነ። ገመዱን ከፈታው ደግሞ መመለሻው ይጠፋዋል። ስለዚህ አልፈታውም።

በማግስቱ ጃርት ጉድጓድ ሊጠይቅ አጥንት ይዞ መጣ። ጅብ አጥንቱን ተቀበለና የሜዳ አህያን ጉድጓድ ሰጠው። ለጃርት የሰጠው ጉድጓድና ለራሱ ያስቀረው ቆዳ አንድ ቦታ መሆናቸው አልታየውም። በዚያው ሰሞን ከወንዝ ማዶ በሬ ሞተ። ጅብም እዚያ ሰነበተ።

ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር አህያ ዘሯን ልትወስድ መጣች። መሬቷ ታርሷል። ያለችው ማሽላ ያ ብቻ ነው፤ ዝናቡ ሳይቀድማት ካልዘራች እሷና ውርንጭላዋ የሚበሉት የላቸውም። ገመዱን ይዛ በፈረስ በኩል አለፈች። ሁለተኛው ጉድጓድ ስትደርስ ቀጣዩን ገመድ ፍለጋ አፏን አስገባች። ያገኘችው ጃርትን ነው።

ጩኸቷን አገሩ ሁሉ ሰማው።

አንበሳ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ችሎት ተቀመጠ። አማካሪው ቀበሮ አጠገቡ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ቤቴን ስትበረብር ይዣታለሁ» አለ ጃርት። «ማስረጃ ከተፈለገ አፏ ላይ ያለው እሾህ የእኔ ነው።»

አህያ ገመዷን ተከትላ እንደ ሄደች ተናገረች። ጅብ ተጠየቀ። ገመዱ ሁሉ በቦታው እንዳለ፣ አንዱንም እንዳልነካ ማለ። እውነቱን ነው፤ አልነካም።

ቀበሮ ሄዶ ነገሩን እንዲመረምር ታዘዘ። ሄደ። የጃርትን ጉድጓድ አፍ አሸተተ፣ ዙሪያውን ዞረና ተመለሰ። በእሱ አስተያየት ጉድጓዱ አጠገብ ያለው ሣር መታጨድ አለበት። ሜዳውም ጠቧል፤ ከጎረቤት ሌላ ሜዳ ይጨመር። ከሁሉም በላይ ግን አህያ መጮኽ መከልከል አለባት።

«ችግር አለ ብለን የሰማነው በጩኸቷ ነው» አለ። «ጩኸቱ ከቆመ ችግሩም ቆመ ማለት ነው።»

አንበሳ ወደደው። ከመቀመጫው የሚያስነሣው ነገር አልነበረበትም። ሣሩ ይታጨድ፣ አህያም ትባረር ብሎ ሊፈርድ ሲል አህያ ተንበረከከች።

«ጌታዬ፣ ልባረር። ከመሄዴ በፊት ግን ከካስማው ጀምረን ገመዱን አብረን እንሂድ።»

«እመት አህያ፣ የተያዝሽው ጃርት ቤት፣ የምታሳዪን ካስማ» አለ ቀበሮ። ችሎቱ ሳቀ።

አህያ አልተነሣችም። ቢገፏትም አልተነሣችም። አህያ ናትና።

አንበሳ ሆዱ ጮኸ። «ከምሳ በኋላ» ብሎ ወደ ጥላው ሄደ። ጃርትም ሊተኛ ጉድጓዱ ገባ።

ጅብ ምሳ አልነበረውም። የማዶው በሬ አልቋል። እንዲህ ተክዞ ሳለ ያ ቆዳ ትዝ አለው። ሁሉም አቀርቅሮ ሲበላ ተነሣ፣ ከካስማው ገመዱን በአፉ ያዘ፣ በፈረስ ጉድጓድ አጠገብ አለፈ፣ ደረሰ፣ አንገቱን እስከ ትከሻው ከተተ።

ችሎቱ ጉርሻውን እንደያዘ ሮጦ መጣ። ከጉድጓዱ ውስጥ የጃርት ድምፅ «አያ ጅቦ፣ መጀመሪያ አንገትህን አውጣ፣ ከዚያ ትጮኻለህ» ይል ነበር።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?» አለ አንበሳ።

«ወደ ቆዳዬ መጥቼ ነው፣ ጌታዬ።» አፍንጫው ላይ እሾህ ተተክሏል።

«የምን ቆዳ?»

«የሜዳ አህያ ጉድጓድ ውስጥ ያለው።»

«የሜዳ አህያ ከለቀቀች ቆየች። ይህ የጃርት ቤት ነው። የሰጠኸውም አንተ ነህ። ገመዱ እስካሁን እዚህ ምን ያደርጋል?»

ጅብ አሰበ። ስላልለመደው ጊዜ ወሰደበት።

«ታዲያ ቆዳዬስ?» አለ።

«በላሁት» አለ ጃርት ብቅ ብሎ። «ገመዱንም።»

የትኛውን ገመድ እንደሆነ ጠየቁት። ሲገባ ከጉድጓዱ ግድግዳ የሚወጣ አንድ ገመድ አግኝቶ ነበር። የማንም ስላልመሰለው፣ ጨው ጨውም ስላለው አኝኮ ጨረሰው። ወደ አህያ ማሽላ የሚወስደው እሱ ነበር።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ጥፋተኛው ታወቀ፤ ጉዳዩ ተዘጋ።»

«ጥፋተኛው ታወቀ» አለች አህያ። «ማሽላዬስ?»

ከማዶ ነጎድጓድ አጉረመረመ። እህሉ እዚያው ሜዳ ውስጥ አለ፤ የሚያደርስ ገመድ ግን የለውም። አንበሳ ሰማዩን አየ፣ አህያን አየ። ሰኮና ያለው ሁሉ መሬቱን እየረገጠ ባዶ ድምፅ የሰጠውን እንዲከፍት አዘዘ።

ቀበሮ ዘሎ ፊታቸው ቆመ። የሰው ቤት መክፈት ነውር መሆኑን፣ ሣሩም እንደሚጎዳ አስረዳ።

«ሣሩን እጨዱ ያልከው አንተ አይደለህም?» አለ አንበሳ።

ረገጡ። አንዱን ከፈቱ፤ የዶሮ ላባ። ሌላውን ከፈቱ፤ የዶሮ ላባ። ሦስተኛው ውስጥ የደረቀ የአይጥ ጅራት። ቀበሮ አንድ ነገር ባገኘ ቁጥር አዲስ ጉድጓድ ይወስድ ነበር። መልሶ ግን አያውቅም። ገመዱንም ጥሎ የት የት እንደያዘ ራሱም ረስቶታል። የሜዳው እኩሌታ የእሱ ሆኖ ተገኘ።

«ሜዳው የጠበበው ለዚህ ነው?»

«ለክፉ ቀን ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

«ላባውን?»

ቀበሮ ሣሩን አየ።

ከላባዎቹ ወዲያ፣ ሜዳው ጫፍ ላይ፣ የፈረስ እግር አንድ ክዳን መታ። ሲከፍቱት ማሽላ። ደረቅ፣ ቀይ፣ አንድ ፍሬ ያልጎደለው። አህያ አሸተተችውና ዓይኗን ጨፈነች።

አንበሳ ፍርድ ሊሰጥ ተቀመጠ። ጅብ የሜዳውን ገመድ ሁሉ ከካስማ እስከ ካስማ እየሄደ እንዲፈታና እንዲያስር፣ ቀበሮም ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ አስረክቦ አጫጁ ራሱ እንዲሆን ፈረደ። አህያን ነጻ ሊላት ዞር ቢል የለችም። ዘሯን ተጭና ሄዳለች። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ እርሻዋ ደርሳ ነበር።

ጅብ የተፈረደበትን አልሰማም። ወደ ጃርት ጠጋ ብሎ፣ አፍንጫውን ከእሾሁ አርቆ፣

«ጣፋጭ ነበር?» አለው።

ከዚህ የምንማረው፣ ጉድጓድም ይሁን ኮምፒዩተር፣ የለቀቀውን ቦታ ገመድ ሳይፈታ የሚተው ሁሉ ነገ የማያውቀው ሰው ቤት አንገቱን እንደሚያስገባ፣ ጥፋትን የሚፈልግም ጩኸቱ የተሰማበት ቦታ ላይ ከመቆም ከካስማው ጀምሮ ገመዱን መከተል እንዳለበት ነው።