እመት ሰኪናና የጥብቁ ተራራ ሕግ

ሙሄ ሸምሲያን በደላት። የበደላት በሕግ ስለሆነ አቤት የምትልበት እንኳ አልነበራትም። ነገሩ የሆነው በአንዲት አሮጌ የገጠር ከተማ ነው፤ የሚቀየም ስላለ ስሟ ይቅር።

ሙሄን ለአለቃነት ያበቁት እመት ሰኪና ናቸው። ከከተማዋ በላይ ያለው ተራራ ተራቁቶ ጎርፍ ማሳውን ጠርጎ በወሰደበት ዘመን፣ ወንዶቹ መስጂድ ደጅ ተቀምጠው ቀደር ያሉትን ዕጣቸውን ሲያማርሩ፣ እሳቸው ወጣቶችን ሰብስበው ድንጋይ አሸከሙ። እርከን ማበጀትን፣ ችግኝ መትከልን፣ ከሁሉም በላይ ጎረቤትን ደፍሮ መገሠጽን አስተማሩ። ምድር የአላህ አማና፣ አደራው ናት፤ አማና የሚጠብቅ ሰው ለዘመዱም እምቢ ማለት አለበት ይሉ ነበር። እምቢ ማለት የሚያውቀው ደግሞ ሙሄ ነበርና የተራራው ጠባቂዎች አለቃ አደረጉት። በጥብቁ ተራራ ከብት ያሰማራ ወይም ሣር ያጨደ ከቅሬ ይውጣ የሚለው ሕግም በእሳቸው ምክር ጸደቀ። ቅሬ የቀባሪዎች ማኅበር ነው፤ ከእሱ የወጣ ሰው ሬሳውን የሚያነሣለት የለም። ሕጉ ሠራ። ሣሩ ተመለሰ፤ የደረቀውም ምንጭ ፈለቀ።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ባሏ የሞተባት ሸምሲያ አንዲት ፍየል ነበረቻት፤ የታመመው ሕፃኗ ከፍየሊቱ ወተት ሌላ አይቀምስም። ፍየሊቱ ስትነጥፍ ሸምሲያ ከጥብቁ ተራራ አንድ እቅፍ ሣር አጨደች፤ ተያዘች። ለመነች፣ አለቀሰች። ሙሄ ግን ለእሷ ብተው ነገ መንደሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል ብሎ ከቅሬ አስወጣት። እመት ሰኪና ሰምተው ዝም አሉ። ሕጉ እንዳይላላ ፈርተው ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ሕፃኑ ሞተ።

ጀናዛ መቅበር በጀማዓው ሁሉ ላይ ያለ ፈርድ፣ ግዴታ ነው፤ ማንም ካልቀበረ ሁሉም ወንጀል አለበት። ይህን የማያውቅ በከተማዋ አልነበረም። ግን ማንም አልመጣም። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሰማዩ ባዶ መሆኑን እያዩ፣ ደመና ይፈልጉ ጀመር። እመት ሰኪና ሄደው ሕፃኑን አጠቡ፤ ለራሳቸው ሞት ካስቀመጡት ከፈን ቀደው ገነዙት። ከዚያም ዶማ ተሸክመው ሴት ወደማትወጣበት መቃብር ወጡ። መሬቱ ደርቆ ዶማውን እያነጠረ ይመልስባቸዋል።

ሙሄ ሮጦ ደረሰ።

«እሜቴ፣ ሕጉን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ እርስዎ ከሰበሩት ነገ ተራራውን በምን ልጠብቀው?»

መቆፈራቸውን ቀጠሉ። ከታች አንድ ሽማግሌ ይህ የሴት ሥራ አይደለም ብሎ ተጣራ።

«ልክ ነህ» አሉት ቀና ሳይሉ፤ «ወንድ ካየህ ላክልኝ።»

ሽማግሌው አፍሮ ወጣና ዶማውን ተቀበላቸው። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። የቀብሩ ሶላት፣ ሶላተል ጀናዛ ተሰገደ፤ ሙሄም ከኋለኛው የሶፍ ረድፍ ቆሞ ሰገደ።

ይህን የሰማ ሁሉ ሙሄን ይረግማል። መርገም ምን ይከብዳል! ሙሄ ጉቦ አልበላ፣ ለወንድሙ አላደላ፤ ያለ ሕግም ተራራ አይለመልምም። መሪ እናፈራለን ብለን ልጆቻችንን ከማን ምን እንደሚከለክሉ ስናስጠና እንከርማለን። የተራበ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ ግን ማን ነገራቸው? ሰው የሚፈራው ጠባቂ ለማግኘት ብዙም አንደክምም፤ ማዘን በሚገባው ጊዜ የሚያዝን ጠባቂ ማፍራት ግን ብዙ ድካም ይጠይቃል፣ እሱን ድካም ነው የምንሸሸው።

በማግሥቱ ሸምሲያ ፍየሏን እየጎተተች ከተማዋን ለቀቀች፤ ወዴት እንደሄደች የጠየቃት የለም። ሙሄ እመት ሰኪና ደጅ መጥቶ እግራቸው ሥር ወደቀ። አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አላቸው። እሳቸውም የቆሰለ መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ እንዲህ አሉት፦

«አውፍ ማለት የምትችለው እሷ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ሄዳለች። እኔ ሣሩን መጠበቅ አስተማርኩህ፤ ለማን እንደሚጠበቅ ሳልነግርህ ቀረሁ። ተነሥ ልጄ፤ አላህ ፊት የምንጠየቀው አብረን ነው።»