ቪዲዮውን የጠየቀው የውጭ ሰው

በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ለእግር ኳስ ቡድኑ ማልያ የምታጥብ፣ ለመልስ የማትቸገር ሴት ነበረች። ሌላ የሚቀርጽ ስላልተገኘ ጨዋታውን በስልኳ የምትቀርጸውም እሷው ነበረች። የቡድኑ ፕሬዚዳንት አቶ ይርዳው ደግሞ «የጨዋታ ቪዲዮ ከቡድኑ ውጭ ላለ ሰው የሰጠ ከሥራ ይባረራል» የሚል ደንብ አውጥተው፣ ማኅተም አስመትተው በር ላይ ለጥፈዋል።

እሁድ ቡድኑ አምስት ለባዶ ተሸነፈ። ማክሰኞ፣ ቪዲዮው በሌላ ቡድን እጅ ገብቷል የሚል ወሬ ከአቶ ይርዳው ጆሮ ደረሰ። ኮሚቴውን ሰብስበው ሴትዮዋን አስጠሯት። ገና ስትገባ፣ ሊያባርሯት ቆርጠው እንደተቀመጡ ከፊታቸው አነበበች።

«ስሚ አንቺ፣ ቪዲዮውን የጠየቀሽን የውጭ ሰው ስም አሁኑኑ ተናገሪ። አለዚያ የማልያ ክፍሉን ቁልፍ አስረክበሽ ትሄጃለሽ» አሏት።

«የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔም አልሰጠሁም።»

አቶ ይርዳው ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ጻፍ! ማን ይባላል?»

«አቶ ይርዳው» አለች። «ትናንት ደውለው ‹ላኪልኝ› ብለውኝ አልነበር?»

ጸሐፊው መጻፉን አቆመ።

«እኔ እኮ የቡድኑ ፕሬዚዳንት ነኝ!» ብለው ጮኹ።

«እኔም የማውቀው እንደዚያ ነበር» አለች። «እሁድ ግን ጨዋታው እንዳለቀ በከተማው ሬዲዮ ‹ከእንግዲህ እዚህ ቡድን ውስጥ የለሁበትም› ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ደንቡ ደግሞ የራስዎ ነው። መመለስዎን በዚያው ሬዲዮ ያስነግሩና ዛሬውኑ እልክልዎታለሁ።»