የአቶ ስንሻው አሮጌ ሰርቨር

አንድ ገበሬ ከቀትር በፊት የመሬቱን ማስረጃ ለዳኛ ካላሳየ ጎረቤቱ ድንበሩን ሊወስድበት ነው። ማለዳ ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ኃላፊውን አቶ ስንሻውን ለመነ።

አቶ ስንሻው ከከተማ ያስመጡትን ቁም ሣጥን የሚያህል አሮጌ ሰርቨር መታ መታ አደረጉ። «ይህ ዐሥራ ስድስት አእምሮ አለው። የጸሐፊዋ ኮምፒዩተር አራት ብቻ ነው ያለው። ጉዳይህን ለትልቁ ሰጥቼዋለሁ፤ ጠብቅ።»

ገበሬው ጠበቀ። ማሽኑ ያጓራል እንጂ ወረቀት አይወጣም። ፀሐይዋ ከፍ አለች።

«ጌታዬ፣ በትንሹ ኮምፒዩተር ቢሠራልኝስ?»

«አንተ ሰውዬ! አራት ከዐሥራ ስድስት ይበልጣል? አስረዳኝና አሁኑኑ ይሠራልህ። ካቃተህ የዛሬ ሳምንት ና።»

«ማሳ የሚታጨድ ቢሆን ዐሥራ ስድስት ሽማግሌ ለደቦ እጠራ ነበር፤ ቀስ እያሉም ይጨርሱታል። የእኔ ጉዳይ ግን መርፌ ላይ ክር እንደ ማስገባት ነው። ዐሥራ ስድስቱ ቢሰበሰቡም ክሩን የሚይዘው አንዱ ነው፤ የእሱም ዐይን ደክሟል። ዐሥራ አምስቱ ‹በርታ!› ይሉታል።»

አቶ ስንሻው ወደ ጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ጠቆሙ። ወረቀቱ ወዲያው ወጣ።

ገበሬው አጥፎ ኪሱ ከተተና በሩ ላይ ዞር አለ። «ትልቁንም በርታ በሉልኝ።»