«ደህና ነኝ» ያለው ዲስክ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ስልካችሁንም አስቀምጡ። ዛሬ የማወራላችሁ የጅብና የአህያ ነገር አይደለም። ብረት ምላስ በነበረው፣ ሽቦም ሽቦን በሚያማበት ዘመን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረ።

ኮምፒውተሩ የአቶ ሽመክት ነው። አቶ ሽመክት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ ሞተውባቸዋል። አስካለ ፎቶ መነሣት የማይወዱ ሴት ስለነበሩ ከእሳቸው የቀረችው በዕንቁጣጣሽ ዕለት ድንገት የተቀረጸች አንዲት ቪዲዮ ናት። «አንተ ሰውዬ፣ አጥፋው ብዬሃለሁ እኮ! ቀሚሴን እንኳ ሳልቀይር!» ይላሉ አስካለ፤ ከዚያ ይስቃሉ። አቶ ሽመክት እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይከፍቷታል፤ አብረው ይስቃሉ፣ ሲጨርሱ ያለቅሳሉ።

ይህችን ቪዲዮ በሆዱ የያዛት አያ ዲስኩ ነው። ከባድ፣ ጥቁር፣ ኩሩ። ሆዱ ውስጥ ሳህን ይሽከረከራል፤ በሳህኑ ላይ ቀጭን ክንድ እየተመላለሰች ታነባለች።

«አስካለን የያዝኩ እኔ! እኔ ከሌለሁ አስካለ የለችም!» ይላል።

«ልክ ነህ፣ ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» ይላል ማራገቢያው እየዞረ። ለማንም እንዲሁ ነው የሚለው፤ ነፋስ ብቻ!

አንድ ቀን አያ ዲስኩ ሆዱ ውስጥ «ቀጭ» አለበት።  በማግስቱ «ቀጭ ቀጭ» አለ። ክዳኑ በጎደለበት በኩል ገብታ እዚያው ሳጥን ውስጥ የምትኖር እመት አይጢት ነበረች፤ እሷ ሰማች።

«አያ ዲስኩ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ምን ሆኜ? ደህና ነኝ።»

«ኧረ ተው! ልጆቼን የማስተኛው አንተ አጠገብ ነው። ሰሞኑን ሙቀትህ ትኩሳት ሆኗል።»

«አንቺ ሽቦሽን ቀርጥሚ! በሰው ጤና ምን አገባሽ?»

ለምን የደበቀ ይመስላችኋል? ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ መታመሙንማ ከማንም በፊት ያውቃል። ግን ደግሞ ያረጀ ዲስክ የያዘውን ለሌላ ካስረከበ በኋላ ምን እንደሚሆን ያውቃል። «ቁራሌው!» የሚለው የአሮጌ ዕቃ ገዢ ጩኸት በመስኮት በገባ ቁጥር አስካለን ጠበቅ ያደርጋል። አስካለን እስከያዝኩ ድረስ ማንም አይጥለኝም ብሎ አስቧል። ክፉ አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ፈሪ ግን አንዳንዴ ከክፉ ይብሳል፣ ምን ላድርጋችሁ!

ኮምፒውተሩ ሲነሣ እያንቀላፋ አስቸገረ። አቶ ሽመክት ቢመቱት፣ ቢያጠፉት፣ ቢያበሩት ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ኮምፒውተር የምትጠግነውን ፍሬሕይወትን ጠሯት። ፍሬሕይወት አዲስ ዲስክ ይዛ መጣች። ቀጭን፣ ቀላል፣ ሳህንም ክንድም የሌለው። ከአያ ዲስኩ ጎን አሰረችው።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ኮምፒውተሩ የሚነሣው በዚህ ነው፤ ዊንዶውሱን እሱ ላይ ጭኜዋለሁ። አሮጌውን ምን እናድርገው?»

«አስካለ ያለችው እሱ ላይ ነው፤ እሱን እንዳትነኪብኝ!»

«እንግዲያው ጤናውን ልጠይቀው» አለችና ጠየቀችው።

ይሄኔ አዲሱ ዲስክ ወደ አያ ዲስኩ ጠጋ ብሎ «አያ፣ እውነቱን ንገራት። ቪዲዮዋን እኔም ልያዛት፤ አንተም ያዛት። አንዳችን ብንወድቅ አንዳችን አለን» አለው።

«ወዲያ! አንተ ትናንት ከላስቲክ የወጣህ! አስካለን ታውቃታለህ? ስትስቅ ትንፋሿ የቱ ጋ እንደሚቆረጥ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ስጠኝና ልወቅ።»

 አያ ዲስኩ አልሰጠም። ሆዱን ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ ቀጭ እንዳይል ተጠንቅቆ፣ በአረንጓዴ ቀለም «ደህና ነኝ» ብሎ ጻፈ።

«ደህና ነኝ ብሏል» አለች ፍሬሕይወት፤ «ቢሆንም ጋሼ፣ አሁኑኑ ወደ አዲሱ ልገልብጥልዎት? ባክአፕ ይሁንዎት።»

«ተዪው ልጄ። የአስካለን ነገር ሌላ ሰው ባይነካብኝ ደስ ይለኛል። ደህና ነኝ ካለ አልቸኩልም፤ እኔው ራሴ እገለብጣታለሁ።»

«እሺ፣ ግን ሁለት ቦታ ትቀመጥ፤ አደራ!» ብላ ሄደች።

አቶ ሽመክት አደራ አይረሱም። በሳምንቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ሦስት በሮች አሉ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ። ሲ አዲሱ ዲስክ ነው። ዲና ኢ ግን ሁለቱም አያ ዲስኩ ናቸው፤ አንድ ሆድ ነው፣ መሐሉ ላይ እንደ ጠባብ ቤት መጋረጃ ተጋርዶበት። አስካለ ያሉት ዲ ውስጥ ነው።

አቶ ሽመክት ደግሞ አንድ ነገር ሰምተዋል፤ እናንተም ሳትሰሙት አትቀሩም። «ሲ ላይ ዕቃ አይቀመጥም፤ ፎርማት ሲደረግ ተጠርጎ ይጠፋል።» ስለዚህ ሲን አለፉና ቪዲዮዋን ከዲ ወደ ኢ መገልበጥ ጀመሩ።

«አያ!» ብሎ ጮኸ አዲሱ ዲስክ። «ዲም ኢም አንተው ነህ እኮ! ማስጠንቀቂያ ጽፈህ ንገራቸው!»

«ማን ጠየቀኝ?»

«አያ ዲስኩ፣ ይሄ ግፍ ነው!» አለች አይጢት።

«ልክ ነህ፣ ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» አለ ማራገቢያው።

አያ ዲስኩም አስካለን ከቀኝ ጎኑ ቀድቶ ግራ ጎኑም ላይ አስተኛት። አቶ ሽመክት እጃቸውን አፋተጉ። «እሰይ! አሁን ሁለት ቦታ ሆነች።» አያ ዲስኩ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለው!

የአስካለ ሙት ዓመት ደረሰ። የሟች እህት ወይዘሮ በላይነሽ ከሩቅ አገር መጡ፤ ለቀብሩ ያልደረሱ፣ የእህታቸውን ድምፅ ከሰሙ ብዙ ዘመን የሆናቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡና «እስኪ አንዴ ልስማት፣ ወንድሜ፤ አንዴ ብቻ» አሉ።

አቶ ሽመክት ዲን ከፈቱ። ሳህኑ ዞረ፤ ክንዲቱ ተነሣች፤ ተንገዳገደች፤ ሳህኑ ላይ ወደቀችና ትፍቀው ጀመር።

«ውሰዳት!» ብሎ ጮኸ አያ ዲስኩ። «አንተ አዲሱ፣ ውሰዳት!»

«አምጣ! ስጠኝ! ከየት ልጀምር?»

«እኔ እንጃ! ጠፋኝ! ልትስቅ ስትል ነው እኮ የምትቆመው... ምን ላይ ነበር... ጠፋኝ...»

ቀጭ። ከዚያ በኋላ አያ ዲስኩ አልተናገረም።

«አይዞሽ በላይነሽ፣ ኢ ላይም አለች» አሉ አቶ ሽመክት። ኢን ፈለጉ፤ ኢ የለም። ፍሬሕይወት ተጠርታ መጣች፤ ሳጥኑን ፈታች፤ ጆሮዋን ለአያ ዲስኩ አስጠጋች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ ሌላውን የት ነበር ያስቀመጡት?»

«ኢ ላይ።»

«ኢ እኮ ያው ራሱ ነው። ዲና ኢ አንድ ዕቃ ናቸው። ሳህኑ ደግሞ ተፍቋል፤ ከዚህ ውስጥ የሚወጣ ነገር የለም።»

«ስሙ እኮ ሌላ ነው!» አሉ አቶ ሽመክት። «ልጄ፣ ስሙ እኮ ሌላ ነው!»

 ፍሬሕይወት ዲስኩን አውጥታ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው።

«እሺ፣ እንዴት ነበር የምትስቀው? አንተ ታውቀው የለ? አሳየኝ» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። አቶ ሽመክት ሊያሳዩዋቸው አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው የሽማግሌ ሳል ነበር።

አያ ዲስኩን ግን አልጣሉትም። በአስካለ ሻሽ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ አኖሩት፤ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። የፈራው መጣልን ነበር፣ አልተጣለም። አስካለን ለማንም አልሰጥም ብሎ ነበር፣ አልሰጠም። የተመኘው ሁሉ ሆነለት።

እንግዲህ ይኸው ነው። የሚወዱትን ነገር «እኔ ጋ ብቻ ይኑር» ማለት መጠበቅ አይደለም፤ መቃብሩን አብሮ መቆፈር ነው። ተረቴንም መልሱልኝ አልልም። ዛሬውኑ ለሌላ ሰው ንገሯት፤ በእኔ አፍ ብቻ አትቅር።